የዶርቃ እሑዶች

ኦጆት ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከባሮ ድልድይ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ነበረው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ሰው የሚነሳበት፣ የኋለኛው ፊልም የሚታጠብበት መስኮት የሌለው ጨለማ ክፍል። መንግሥት ተለውጦ አገሩ «ክልል አሥራ ሁለት» መባል በጀመረ ሰሞን ሥራው በአንድ ጊዜ በዛ። በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ በየቢሮው አዲስ መታወቂያ ይታደላል፤ ለመታወቂያው ደግሞ ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። ኦጆት ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት ሰቅሎ ነበር። ከአኮቦም ይምጣ ከኢታንግ፣ ሹመት ያገኘ ሰው ሁሉ ያንን ኮት ለብሶ ይነሳል። ረጃጅሞቹ ሲለብሱት እጅጌው ክርናቸው አካባቢ ይቀራል፤ ጉርድ ፎቶ ላይ ግን እጅጌ አይታይም።

ይህ የእንጀራው ሥራ ነው። ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም አጣቢ ሆኖ አምስት ዓመት ሠርቷል። አሠሪው ከውጭ የመጡ የፎቶ መጻሕፍት ነበሩት፤ ኦጆት በምሳ ሰዓት እየተቀመጠ ያገላብጣቸዋል። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ደረቱን ነፍቶ የቆመ ሰው አልነበረም። የአንዲት አሮጊት እጅ ብቻ አለ። በባቡር መስኮት ወደ ውጭ የሚያይ ሰው አለ። ይሳቅ ያልቅስ የማይለይ ልጅ አለ። ፎቶ የሰውን መልክ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውንም ሊያወጣ እንደሚችል ያኔ ገባው፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ አንድ ፎቶ የማንሳት ምኞት አልለቀቀውም።

ወደ አገሩ ሲመለስ አሠሪው ያሺካ ካሜራውን ሰጠው። ሁለት ሌንስ ያለው ሳጥን መሳይ ካሜራ ነው። አንሺው ደረቱ ላይ ይዞት አንገቱን ደፍቶ ከላይ ወደ ውስጥ ያያል እንጂ እንደ ሌሎቹ ካሜራዎች ወደ ዓይኑ አያስጠጋውም። አንድ ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ ይወጣዋል።

ሚስቱ ዶርቃ በጤና ጣቢያው ረዳት ነርስ ነበረች። እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ትዘምራለች፤ ስትስቅ ድምፅዋ ከአጥር ውጭ ይሰማል። ስምንት ዓመት ልጅ ሳይወልዱ ቆይተው በዘጠነኛው አኬሎ ተወለደችላቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም።

አኬሎ ስድስት ዓመት በሆናት ዓመት፣ በሰኔ ወር፣ አዲሱ ምክር ቤት ከአዲስ አበባ እንግዶች ጋበዘና ባሮ ዳር ትልቅ ጭፈራ ተዘጋጀ። የምክር ቤቱ ቢሮ ፎቶ እንዲያነሳ ኦጆትን ጠራው። የዚያን ዕለት ዶርቃ ተረኛ ነበረች። ጠዋት ስትወጣ ልጅቷን ከጎረቤታቸው ከኛኪም ዘንድ እንዲተዋት፣ ወንዙ መሙላት ስለጀመረ ወደዚያ ይዟት እንዳይሄድ ነገረችው። አኬሎ ግን ጭፈራውን ካላየሁ ብላ አለቀሰች፤ ኦጆትም ልቡ አልጨከነምና ይዟት ሄደ። ከወንዙ ራቅ ካለ አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር አስቀመጣት፣ ብስኩት ገዝቶ ሰጣት፣ እስኪመለስ እንዳትንቀሳቀስ አስጠነቀቃት።

ሲመለስ አልነበረችም። በሦስተኛው ቀን ዓሣ አጥማጆች ከከተማው በታች አገኟት።

ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቁት፣ አንድ ባለሥልጣን ከእንግዶቹ ጋር አንሳኝ ብሎ ጠርቶት እንደነበር፣ የቆየውም ጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ለዶርቃም ያንኑ ነገራት። ሹም ሲጠራው አልመጣም የሚል ማን አለ? ሁሉም አዘኑለት፤ ከዚያ በላይ የጠየቀው ሰው የለም።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። የእንግዶቹን ፎቶ በአፍታ ጨርሶ ወደ ማንጎው እየተመለሰ ሳለ ወንዙ ዳር በቆመ ታንኳ ጫፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ አየ። ሰዉ ሁሉ ይጨፍራል፣ ከበሮው ይመታል፤ ሽማግሌው ብቻውን እየተመለከተ ያለቅሳል። ፊቱ ላይ ደስታም ሐዘንም አለ። ደመናው ብርሃኑን አለስልሶታል። ኦጆት በፒያሳ መጻሕፍት ውስጥ ያየው ዓይነት ፊት፣ ዕድሜ ልኩን የፈለገው ፊት፣ ከፊቱ ተቀምጧል። ከላይ ወደ ካሜራው አቀረቀረ። ፊልሙ እስኪያልቅ ቀና አላለም።

ከቀብሩ በኋላ ዶርቃ ዝም አለች። ሥራዋን አልተወችም፤ ቤቷን ታጸዳለች፣ ምግብ ታቀርባለች፣ ሰው ሲጠይቃት በአጭሩ ትመልሳለች። ከመዘምራኑ ወጣች። ለቅሶው ላይ እንኳ እንደ ሌላው እናት አልጮኸችም። ፊቷ ልክ ሰው እንደሌለበት ቤት ተዘጋ። ኦጆት ያንን ፊት ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ እያወራትም ቢሆን የሚያየው እጇን ወይም መሬቱን ነው።

ከዕለታት አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ በፎቶ ቤቱ በኩል እንለፍ አላትና በመስኮቱ አጠገብ ወንበር አኖረ። ለምን እንደሚያነሳት ሲነግራት ቃላቱ ተምታቱበት። ፊትሽ በየሳምንቱ ምን እንደሚመስል ባየው፣ የሚለወጥበትን ቀን አውቃለሁ፣ ልረዳሽ እችላለሁ ዓይነት ነገር አለ። ዶርቃ አንድ አፍታ አየችውና ተቀመጠች። እሱም ያሺካውን ደረቱ ላይ ይዞ አጎነበሰ። በካሜራው መስታወት ውስጥ ሆና ሲያያት ማየት ቻለ። ትንሽ ናት፣ ግራና ቀኟ ተገልብጧል፤ አታስፈራም።

ከዚያ ጀምሮ በየእሑዱ ተቀመጠችለት። አንድ እሑድ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ቁጭ ትላለች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች፣ ዓይኗን ከሌንሱ ከፍ አድርጋ ታያለች፤ እሱ ይጠብቃል። አንዳንዴ ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል። በመጨረሻ የካሜራውን ቁልፍ ይነካል፤ እሷም ተነስታ ትሄዳለች። ኦጆት ፎቶውን አጥቦ በትልቁ ያትመውና ጀርባው ላይ ቀኑን ጽፎ ጨለማው ክፍል ውስጥ በተዘረጋ ሲባጎ ላይ ይሰቅለዋል። ወራቱ ሲያልፉ ሲባጎው ሞልቶ ሌላ ተዘረጋ። እነዚያን ፎቶዎች ሲያይ ያዝናል፤ ግን ከዚያ ሥር አንድ ሌላ ስሜትም ነበር፣ ለማንም የማይናገረው። ጥሩ ፎቶዎች እንደሆኑ ያውቅ ነበር።

ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሰይዳ የምትባል መምህርት ለመታወቂያ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ሰይዳ የደሴ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ሥዕል ተምራ በጋምቤላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድባ ነበር። ጥቁሩን ኮት ለብሳ ተነስታ ስትጨርስ የጨለማው ክፍል መጋረጃ ተገልጦ ኖሮ ወደ ውስጥ አየች። ሳትጠይቅ ገባች። ኦጆት ሊከለክላት ተከትሏት ገባ፤ ከፎቶዎቹ ፊት እንደ ቆመች ሲያይ ግን እሱም ቆመ።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተች። በመጨረሻ፣ «ጋሽ ኦጆት፣ ይህቺ ሴት ማን ናት?» አለችው።

«ሚስቴ ናት። ልጃችን ሞታለች።»

«ወዴት ነው የምታየው?»

«እኔ አላውቅም» አለ ኦጆት። «ወደ ላይ ታያለች።»

ሰይዳ ከዚያን ቀን በኋላ ደጋግማ መጣች። እንዲህ ያለ ሥራ ሙዚየም ውስጥ የሚሰቀል እንደሆነ፣ የአንዲትን ሴት ሐዘን ሳምንት በሳምንት የተከተለ ሰው በዚህ አገር እንደማታውቅ፣ እነዚህ ፎቶዎች ጋምቤላ ውስጥ ሲባጎ ላይ ቢቀሩ ኃጢአት እንደሚሆን ነገረችው። በክረምቱ ዕረፍት አዲስ አበባ ስትሄድ ለምታውቃቸው ሠዓሊዎች ልታሳይ ጠየቀችው። ዶርቃን ማስፈቀድ እንዳለበትም አስታወሰችው። ኦጆት አስፈቅዳለሁ አለ። ሦስት ቀን በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ሰንብቶ፣ እራት ሲበሉ ሊነግራት አፉን ከፍቶ፣ ውሃ አቀብይኝ አላት። በአራተኛው ቀን ሚስቱ ፈቅዳለች ብሎ ለሰይዳ አሥራ ስምንት ፎቶ ሰጣት።

ሠዓሊዎቹ ወደዱት። አንድ የባህል አዳራሽ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ተሰቀለ። ሰይዳ ስትመለስ በአዳራሹ በር የታደለውን ወረቀት ይዛለት መጣች፤ ከላይ የእሱ ስም፣ ከሥሩ የዶርቃ ፊት ታትሟል። የመረጡት በጥር ወር የተነሳውን ፎቶ ነበር። ከሌሎቹ ይልቅ በዚያ ፎቶ የዶርቃ ፊት የተረጋጋ ነው፤ ግንባሯ ተፈትቷል፣ ከንፈሯ ተገጣጥሟል። ከሥሩ «መጽናናት» የሚል ርዕስ ሰጥተውታል። ሰዎች ከፊቱ ቆመው እንዳለቀሱ፣ አንድ ሽማግሌ ሠዓሊም ይህ ሰው ሌላ ሥራ ካለው አምጡልኝ እንዳለ ሰይዳ ነገረችው። ኦጆት የዚያን ቀን ደንበኛ አልተቀበለም። በሩን ዘግቶ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ከልጁ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደሰተው ያን ቀን ነው፤ መደሰቱም አሳፈረው።

ዶርቃ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። በጥቅምት ወር ለክትባት ዘመቻ ከአዲስ አበባ ነርሶች መጡ። አንዷ ጤና ጣቢያው ውስጥ ዶርቃን እንዳየቻት እጇን ይዛ ቀረች። ፎቶሽን አይቼዋለሁ፣ ከፊቱ ቆሜ አልቅሻለሁ፣ ወደ እግዚአብሔር እንዲያ የሚያይ ዓይን አይቼ አላውቅም አለቻት። ሌሎቹ ሠራተኞች ተሰበሰቡ። ነርሷ ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነበር ብላ ጠየቀቻት። ዶርቃ ስድስት ብላ መልሳ፣ ይዛው የነበረውን የመርፌ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ወጣች።

ፎቶ ቤቱ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። በመንገዱ ሙቀት ላብ አጥምቋታል። ኦጆት ለአንድ ሰው ኮት እያለበሰ ነበር፤ ሰውዬው ፊቷን አይቶ ኮቱን መልሶ ሌላ ቀን እመጣለሁ አለ።

ሁሉንም ፎቶ እንዲያሳያት ጠየቀችው። በወራት ውስጥ ከእሱ አንዳች ነገር ስትጠይቅ ይህ መጀመሪያዋ ነው። ኦጆት ከሲባጎው አወረዳቸው። አዲስ አበባ የሄዱትም ተመልሰው ነበርና በተነሱበት ቀን ተራ ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ ደረደራቸው። በውስጡ፣ ካየቻቸው ትረዳለች የሚል ነገር ነበረበት። እንደዚያ በትዕግሥት ያየኋት ስለምወዳት እንደሆነ ይገባታል ብሎ አሰበ።

ዶርቃ ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ እያጎነበሰች አየች። አልቸኮለችም። ጨርሳ ስትነሳ በአኙዋ ቋንቋ በዝግታ ነው የተናገረችው።

«ከአዲስ አበባ የመጣች ነርስ ወደ እግዚአብሔር እያየሽ ነው አለችኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው ያሉት።»

«የማየው አናትህን ነው።»

ኦጆት አልገባውም።

«በዚህ ካሜራ ስታነሳ አንገትህን ትደፋለህ» አለች። «ከፊቴ የሚታየኝ ፀጉርህ ብቻ ነው። ቀና እስክትል እጠብቅ ነበር። ቀና ብለህ እንድትነግረኝ።»

«ምኑን ልንገርሽ?»

«ሽማግሌውን።»

ዶርቃ ድምፅዋን ሳትለውጥ ቀጠለች። ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሳምንት ጨለማውን ክፍል ስታጸዳ ታጥቦ ከጠርሙሶቹ ኋላ የተደበቀ ፊልም አግኝታ በበሩ ብርሃን ተመልክታዋለች። አራቱ እንግዶቹ ናቸው። ስምንቱ ታንኳ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ነው፤ ያው አንድ ሰው፣ ስምንት ጊዜ። ያዘገየው ባለሥልጣን አይደለም፤ የቆየውም ጥቂት ደቂቃ አይደለም። ያን ቀን ፊልሙን ወደ ነበረበት መለሰችውና አንድም ነገር ሳትል ወጣች።

«ልጅ ይሞታል፣ በየቀኑ አያለሁ» አለች። «ሰው ለአፍታ ዞር ሲል ይሞታል። ይቅር ልልህ ተዘጋጅቼ ነበር። ከአንተ አፍ መስማት ብቻ ነው የፈለግኩት። ወንበሩ ላይ ነይ ቁጭ በይ ስትለኝ ለዚያ የጠራኸኝ መስሎኝ ነበር። በየእሑዱ ዛሬ ይነግረኛል እያልኩ ነው የተቀመጥኩት።»

ጎንበስ ብላ ከመሬቱ አንዱን አነሳች። በጥር ወር የተነሳው ፎቶ ነበር። እሱ ፊት ያዘችው።

«ይሄን መጽናናት ብላችሁታል። ያን ቀን ብዙ ቆየህ። አሁን ሊናገር ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ካሜራውን ነካህና ጨርሰናል አልከኝ። ያኔ ተውኩህ። ከዚህ በኋላ ያሉት ሁሉ ባዶ ናቸው፤ ልብ ብለህ እያቸው።»

ኦጆት አያቸው። አንድ ዓመት ሙሉ ያየው ፊት፣ እያንዳንዱን መስመር የሚያውቀው ፊት፣ አሁን ገና ተነበበለት። በመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ዶርቃ ልትናገር የተቃረበች ትመስላለች፤ ዓይኗ ይለምናል። ሐዘን ብሎ የጠራው እሱ ነበር። ሐዘን መኖሩስ ይኖራል፤ ግን ፊቷ ላይ ያለው ጥያቄ ነበር፤ ጥያቄውም ለእሱ ነበር።

«ዶርቃ፣ ያን ቀን እኔ…» ብሎ ጀመረ።

እጇን አነሳች። «አሁን አትንገረኝ። አሁንማ የነገርኩህ እኔ ነኝ።»

ፎቶውን በቦታው በጥንቃቄ መልሳ ወጣች። በሳምንቱ ወንድሟ ኦቻንግ ከአቦቦ መጥቶ ዕቃዋን በጭነት መኪና ወሰደ። ኦቻንግ ኦጆትን አልሰደበውም፤ እንዲያውም ሲሄድ እጁን ጨብጦታል። ዶርቃ ዝውውር ጠይቃ በአቦቦ ጤና ኬላ ሥራ ጀመረች።

ሰይዳ የሆነውን ስትሰማ መጥታ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አለቀሰች። ሚስቱ ፈቅዳለች ያላት እሱ ስለሆነ ልትወቅሰው ትችል ነበር፤ አልወቀሰችውም። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ደሴ ተዛወረች። ከመሄዷ በፊት አዲስ አበባ ያለው ሽማግሌ ሠዓሊ አዲስ ሥራ እንደሚጠብቅ ነገረችው። ኦጆት ሌላ ሥራ የለኝም አላት። እውነቱን ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ነበር፤ ገበያ ውስጥ ዓሣ የምትሸጥ ሴት፣ ከድልድዩ ሥር የሚታጠብ ሽማግሌ። አንገቱን ደፍቶ በመስታወቱ ውስጥ ፊታቸውን ሲያይ ምን እንዳለባቸው አላውቅም የሚል ፍርሃት ይይዘዋል፤ ጣቱ አይታዘዘውም። ያሺካውን ለአንድ ወደ ዲማ ለሚሄድ ነጋዴ ለወጠውና ዓይን ላይ የሚያዝ ተራ ካሜራ ያዘ።

ወደ አቦቦ የሄደው አንድ ጊዜ ነው፤ ዶርቃ ከሄደች ሰባት ወር በኋላ። ጤና ኬላው ደጃፍ ከሕመምተኞቹ ጋር ተሰልፎ ተራው እስኪደርስ ጠበቀ። ሲገባ ቀና ብሎ ዓይኗን እያየ ነገራት። ሽማግሌውን፣ ብርሃኑን፣ ፊልሙን፣ ከማንጎው ሥር የቀረውን የብስኩት ወረቀት፣ ሽማግሌዎቹ ፊት የዋሸውን። አንዱንም አልዘለለም። ዶርቃ እስክሪብቶዋን ይዛ አዳመጠችው። ሲጨርስ ሰምቻለሁ አለችው። ምሳ በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀችው፤ በልቻለሁ አለ፤ አልበላም ነበር። ከዚያ በሩ ላይ የቆመችውን ሕፃን የታቀፈች እናት እንድትገባ ጠራቻት፤ ኦጆት ቦታውን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። አኬሎ ብትኖር ኖሮ አሥራ ሁለት ዓመት በሚሆናት ዓመት ጎረቤቱ ኛኪም ዘመድ ልትጠይቅ አቦቦ ደርሳ ተመለሰች። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆማ ዶርቃን ቤተ ክርስቲያን እንዳገኘቻት ነገረችው። ከመዘምራኑ ጋር እንደገና ትዘምራለች። ከጸሎት በኋላ ከሴቶቹ ጋር ሲጫወቱ አንድ ነገር ተነሥቶ ዶርቃ እየጮኸች ሳቀች፤ እንደ ድሮው።

ኦጆት እጁ ላይ የነበረውን ሥራ አቆመ። «ስትስቅ ፊቷ እንዴት ነበር?» አላት።

ኛኪም ጥያቄው አልገባትም። «እንደ ሰው ነዋ» አለችው፤ «ሳቀች ነው የምልህ።»

ውስጥ ደንበኛ ይጠብቀው ነበር፤ ኮቱን ለብሶ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ አንድ አዲስ ተመራቂ። ኦጆት ገብቶ አገጭህን ከፍ አድርግ አለው።